የመስክ መኪናው በፎገራ ዋልካ ላይ፦ የላንድክሩዘር ጥንካሬ ከየት መጣ፣ ወዴትስ ያመራል?

በጥር 2016 ዓ.ም. የትራንስፖርትና ሎጂስቲክስ ሚኒስትሩ ዓለሙ ስሜ ከኤሌክትሪክ በስተቀር ሌላ አውቶሞቢል ወደ አገር እንዳይገባ መወሰኑን ሲያስታውቁ፣ ክርክሩ ሁሉ ወደ አዲስ አበባ ጎዳናዎች አመራ። የባትሪ ዕድሜ፣ የቻርጅ ማድረጊያ ቦታ፣ የነዳጅ ሰልፍና የመኪና ዋጋ መናር መነጋገሪያ ሆኑ። ከአስፋልት ወርዶ የሚሠራው መኪና ዕጣ ግን ብዙም አልተነሳም። እንደ ወረታ ላለ ከተማ ግን ዋናው ጥያቄ ይኸው ነው። ከባሕር ዳር ወደ ጎንደር የሚወስደው መንገድ በከተማው ያልፋል፤ በደርግ ዘመን በቻይና ዕርዳታ የተሠራው የደብረ ታቦር፣ ጋሸና፣ ወልድያ መንገድም የሚነሳው ከዚሁ ነው። ከሁለቱ አስፋልቶች ወጣ ሲባል የፎገራ ሜዳ ይጀምራል። በሜዳው ላይ አምቡላንሱም፣ የግብርና ባለሙያው መኪናም፣ የዕርዳታ ድርጅቱ መኪናም በአብዛኛው አንድ ዓይነት ነው፤ ቶዮታ ላንድክሩዘር።

የሚገርመው በዚያው ጥር ወር ቶዮታ ራሱ በአገሩ ከባድ ዜና ገጥሞት ነበር። የቡድኑ አባል የሆነው ቶዮታ ኢንዱስትሪስ በናፍጣ ሞተሮች የምስክር ወረቀት ፍተሻ ላይ ያልተገባ አሠራር መከተሉ ተገለጸ፤ ሃይሉክስንና ላንድክሩዘር 300ን ጨምሮ የአሥር ሞዴሎች ጭነት ለጊዜው ቆመ። ጭነቱ ከወራት በኋላ ቢቀጥልም፣ «ቶዮታ አይሳሳትም» የሚለው እምነት ከዜናው በኋላ ያለ ጥያቄ የሚቀጥል አልሆነም።

ሁለቱ ዜናዎች አንድ ጥያቄ ላይ ይገናኛሉ። አስተማማኝ መኪና የምንለው ምኑን ነው? የዚህ ጽሑፍ መልስ፣ ላንድክሩዘር ፎገራ ላይ የቆየው በብረቱ ጥንካሬ ብቻ አይደለም የሚል ነው። ያቆየው ቀላል አሠራሩ፣ በየገበያው የሚገኘው መለዋወጫና በየጋራዡ ያለው መካኒክ አንድ ላይ ሆነው ነው። አዲሱ ፖሊሲ የሚነካውም ሞተሩን ብቻ ሳይሆን ይህን ሰንሰለት ነው።

ከፉጂ ተራራ እስከ ጣና ዳር

የላንድክሩዘር ታሪክ ከኮሪያ ጦርነት ጋር ይያያዛል። ጦርነቱ እ.ኤ.አ. በ1950 ሲፈነዳ ጂፕ መሰል መኪና ጃፓን ውስጥ እንዲሠራ ፍላጎት ተፈጠረ፤ ቶዮታም በ1951 ቢጄ የተባለውን ናሙና አወጣ። ሞተሩ የተወሰደው ከጭነት መኪና ነበር፤ ይህ ምርጫ የመኪናውን ጠባይ እስከ ዛሬ ወስኖታል። የጃፓን ተጠባባቂ የፖሊስ ኃይል ጨረታ ለዊሊስ ጂፕ ቢሄድም፣ በዚያው ዓመት የቶዮታ ሾፌር ቢጄን እየነዳ የፉጂ ተራራ ስድስተኛ ጣቢያ ድረስ ወጣ። የአገሪቱ የገጠር ፖሊስም 289 መኪኖች አዘዘ። ላንድክሩዘር የሚለው ስም የተሰጠው በ1954 ነው።

በዚያ ጊዜ የመስኩ ገዥ እንግሊዛዊው ላንድሮቨር ነበር። በ1948 አምስተርዳም ላይ ለሕዝብ የቀረበው መኪና አካሉ አሉሚኒየም የሆነው ከጦርነቱ በኋላ ብረት በመጥፋቱ ነው። ይህ እጥረት በኋላ ጥቅም ሆነለት፤ አካሉ ዝገት አያውቅም። ድክመቱ ከሥር ነበር። ሸክም ሲበዛበት የኋላ አክስሉ ይሰበራል፣ ዘይት ያንጠባጥባል። ቶዮታ የገባው በዚህ ክፍተት ነው። ሻንሲው ከባድ፣ ሞተሩ ትልቅ፣ ፍጥነቱ ዝቅተኛ ቢሆንም ጉልበቱ የማይጎድል መኪና አቀረበ። ከሁሉ በላይ ደግሞ የቤት መኪናዎቹ ገና ባልታወቁባቸው አገሮች በላንድክሩዘር ገበያ ከፈተ፤ መለዋወጫውንና ጋራዡንም አብሮ ተከለ። በኢትዮጵያ ለረጅም ዓመታት ይህን ሥራ የሠራው ወኪሉ ሞኤንኮ ነው።

በንጉሡ ዘመን ላንድሮቨርና ጂፕ የመንግሥት መሥሪያ ቤትና የሚሲዮን መኪኖች ነበሩ። ደርግ ሲመጣ የሶቪየቱ ዋዝ ተጨመረ። የ1977ቱ ድርቅ ደግሞ የዕርዳታ ድርጅቶችን በብዛት አመጣ፤ ከእነርሱም ጋር የቶዮታው ቁጥር እየበዛ ሄደ። በዚሁ ጊዜ፣ እ.ኤ.አ. በ1984፣ ዛሬ ሃርድቶፕና ፒክአፕ እያልን የምንጠራቸውን መኪኖች የወለደው 70 ተከታታይ ወጣ። ይህ ሞዴል ከአርባ ዓመት በኋላም ይመረታል። ላንድሮቨር በአንጻሩ ከሮቨር ወደ ሌይላንድ፣ በኋላም ወደ ቢኤምደብሊው፣ ወደ ፎርድ፣ በ2008 ደግሞ ወደ ሕንዱ ታታ ተላለፈ። የቀድሞው ዲፌንደር ምርት በጥር 2016 እ.ኤ.አ. ቆመ፤ ተተኪው በኤሌክትሮኒክስ የተሞላ ውድ መኪና ነው። ቶዮታ በበኩሉ እ.ኤ.አ. በ2019 ከ10 ሚሊዮን በላይ ላንድክሩዘር መሸጡን አስታወቀ። እዚህ ላይ ልዩነቱን የፈጠረው የባለቤትነት መርጋት ነው። አምራቹ አንድ ሆኖ፣ አንድ ሞተር ለሠላሳ ዓመት ሲሠራ፣ የባሕር ዳር ጋራዥ የተማረው ሙያ አያረጅበትም።

ዋልካው መኪናን ምን ያደርገዋል?

የፎገራ ሜዳ ከጣና ሐይቅ በስተምሥራቅ የተዘረጋ፣ ከባሕር ጠለል በላይ 1,800 ሜትር ገደማ ላይ የሚገኝ ደልዳላ መሬት ነው። ርብና ጉማራ ከ4 ሺህ ሜትር በላይ ከፍታ ካለው ከጉና ተራራ ወርደው፣ ደለላቸውን በሜዳው ላይ እያራገፉ ወደ ሐይቁ ይገባሉ። ክረምቱ ሲበረታ ወንዞቹ ከአልጋቸው ይወጣሉ፣ ሐይቁም ወደ ኋላ ይገፋቸዋል። በ1998 እና በ2012 ዓ.ም. ክረምት የደረሱት ጎርፎች ፎገራንና አጎራባቹን ሊቦ ከምከምን የጎዱት በዚሁ መንገድ ነው።

አፈሩ ዋልካ ነው። በውስጡ ያለው ሸክላ ውሃ ሲጠጣ ያብጣል፤ ሲደርቅ ይሸበሸብና የሰው እግር የሚያስገባ ስንጥቅ ይፈጥራል። በዚህ መሬት ላይ የተሠራ ጠጠር መንገድ በየዓመቱ ይነሳል፣ ይሰምጣል፤ ጠጠሩ በሸክላው ይዋጣል። በ2003 ዓ.ም. የተጀመረውና ዩራፕ በሚል ምሕጻር የሚታወቀው የገጠር መንገድ ፕሮግራም ብዙ ቀበሌዎችን በጠጠር ቢያገናኝም፣ በዋልካ ላይ ያለ ጠጠር ጥገና ሳያገኝ ብዙ ክረምት አይሻገርም። የሩዝ እርሻው ሌላ ነገር ጨመረ። ሩዝ ውሃ ታቁሮለት የሚያድግ ሰብል ስለሆነ ማሳው ውሃ የሚይዘው መንገዱ ደረቅ እንዲሆን በሚፈለግበት ወር ነው። አንዱ መሬት ለገበሬው በረከት የሚሆንበት ወቅት ለሾፌሩ ፈተና ነው።

ዋልካ መኪናን የሚይዝበት መንገድ ከአሸዋም ከድንጋይም ይለያል። ሸክላው በመጀመሪያ የጎማውን ጥርስ ይሞላል፤ ጎማው ልሙጥ ይሆናል። ቀጥሎ ጭቃው በጎማውና በፓራፋንጎው መካከል ይጠቀጠቃል። ከዚያ በኋላ ዲፈረንሻሉ ኃይሉን ለሚንሸራተተው ጎማ ይሰጣል፤ መሬት የያዘው ጎማ ቆሞ የሚንሸራተተው ብቻውን ይሾራል። ሾፌሩ ነዳጅ በረገጠ ቁጥር ጎማው ጉድጓድ ይቆፍራል፣ አክስሉም መሬት ላይ ይቀመጣል። መፍትሔው ጉልበት ሳይሆን ዝግታ ነው። ከባዱን ማርሽ አስገብቶ፣ ሁለቱን አክስሎች አገናኝቶ፣ ካለም የዲፈረንሻሉን ቁልፍ ዘግቶ ሳይቆሙ መሄድ ያስፈልጋል። ላንድክሩዘር እነዚህን በአብዛኛው ይዞ ይመጣል። ከመሬት ያለው ከፍታ፣ ከጭነት መኪና የማይተናነሰው ድፍን አክስልና እስከ 70 ሴንቲ ሜትር ጥልቀት ያለው ውሃ የማቋረጥ አቅሙ ተጨምረውበት ነው ስም ያወጣው።

ይሁንና የስሙን ወሰን ማወቅ ተገቢ ነው። በነሐሴ አጋማሽ እንደ ናበጋና ዋገጠራ ባሉ የሐይቅ ዳር ቀበሌዎች ላንድክሩዘርም ይቆማል። ምጥ የያዛት እናት በቃሬዛ ሰው ትከሻ ላይ ሆና ጠጠሩ እስካለበት ትመጣለች፤ አምቡላንሱ ከዚያ ይረከባታል። የመኪናው ጥንካሬ ቃሬዛው የሚሄደውን ርቀት ያሳጥራል እንጂ አያስቀረውም። አንድ መኪና የቱንም ያህል ቢጠነክር መንገድን አይተካም።

አስተማማኝነት በመካኒክ ዓይን

የ70 ተከታታይ መኪኖች በአፍሪካ በብዛት የያዙት 1ኤችዜድ የሚባለውን ባለ ስድስት ሲሊንደር የናፍጣ ሞተር ነው። ይዘቱ 4,163 ሲሲ ነው፤ ቱርቦ የለውም፣ ነዳጁን የሚያስገባው በሜካኒካል ፖምፓ ነው። በወረቀት ላይ ሲታይ ያረጀ ሞተር ነው። ለመጠኑ ጉልበቱ አነስተኛ ነው፤ ነዳጅ ይወዳል፤ ድምፁም ከባድ ነው። ግን ኮምፒውተር የለውም። ነዳጅ ማደያ በሌለበት በበርሜልና በጀሪካን የሚሸጥ ናፍጣ ውሃና ደለል ይዞ ሲመጣ፣ የአዲሶቹን ሞተሮች ኢንጀክተር የሚገድለውን ቆሻሻ ይህ ሞተር ፊልትሮ ከተቀየረለት ብዙውን ጊዜ ይችለዋል። ሲታመምም በድምፅና በጭስ ይናገራል። ጥቁር ጭስ፣ ነጭ ጭስ፣ የሚንኳኳ ድምፅ፤ ልምድ ያለው መካኒክ ያለ ምርመራ መሣሪያ ያነበዋል።

ከጭቃ ጉዞ የተመለሰ ላንድክሩዘር ጋራዥ ሲገባ መካኒኩ ከሥር ተኝቶ በመጀመሪያ የሚከፍተው የዲፈረንሻሉን ቡሎን ነው። ዘይቱ ጠቆር ብሎ ከወረደ ሰላም ነው። ወተት የነካው ቡና መስሎ ከወረደ ግን ውሃ ገብቷል፤ የዘይት መከላከያው ጎማ አልቋል ማለት ነው። ቀጥሎ የፊት ጎማ እጆች ይፈታሉ። በውስጣቸው ያለው ኩሽኔታ ግራሱ በጭቃ ተተክቶ ከተገኘ ይታጠባል፣ አዲስ ግራስ ይሞላል፣ ከዛገ ይቀየራል። ይህ ሥራ የግማሽ ቀን ሥራ ነው፤ የሚፈልገው ቁልፍ፣ መዶሻና ጥቂት ርካሽ ዕቃ ነው። ሳይሠራ ከታለፈ ግን ከወር በኋላ የሚሰበረው ዲፈረንሻሉ ይሆናል፤ ዋጋውም በብዙ እጥፍ ይጨምራል። የብዙ ወረዳዎች ላንድክሩዘር የሚሞተው በአደጋ አይደለም፤ በጊዜው ባልተቀየረ ትንሽ ጎማ ነው።

ሦስተኛው የአስተማማኝነት እግር መለዋወጫ ነው። አንድ ሞዴል በዝቶ ረጅም ዘመን ሲቆይ ዕቃው ከወኪሉ እጅ ይወጣል። ኦሪጅናሉ፣ አስመስሎ የተሠራውና ከተገለበጠ መኪና የተፈታው ሁሉም አዲስ አበባ ሶማሌ ተራ ይገኛል። ባለ ጋራዡ ስልክ ደውሎ በማግስቱ በአውቶቡስ ያስመጣል። ይህ ገበያ ሁለት ገጽ አለው። መኪናው እንዳይቆም ያደርጋል፤ አስመስሎ የተሠራው ኩሽኔታና የፍሬን ዕቃ ደግሞ ጥንካሬውን ከውስጥ ይበላዋል። ስለዚህ «ላንድክሩዘር ነው፣ አይበላሽም» የሚለው አባባል በጥንቃቄ ሊያዝ ይገባል። ሃያ ዓመት የሠራ ሃርድቶፕ በጃፓን የተሠራ መኪና ብቻ አይደለም፤ ግማሹን የሠሩት የእኛ መካኒኮች ናቸው።

ጥንካሬው የሚያስከፍለው

ይህ አስተማማኝነት ነፃ አይደለም። የመጀመሪያው ወጪ ነዳጅ ነው። በ2014 ዓ.ም. መጨረሻ የተጀመረው የነዳጅ ድጎማ ቅነሳና በሐምሌ 2016 ብር በገበያ ዋጋ እንዲወሰን መደረጉ የወረዳ ጽሕፈት ቤቶችን የነዳጅ በጀት አጥብበውታል። ከ2015 ዓ.ም. ክረምት ወዲህ በአማራ ክልል ያለው ግጭት ደግሞ የነዳጅ አቅርቦትን፣ የመንገድ ደኅንነትንና የባለሙያዎችን እንቅስቃሴ አውኮታል። ነዳጅ የሌለው ጠንካራ መኪና ግቢ ውስጥ ከቆመ ብረት አይሻልም።

ሁለተኛው የሰው ደኅንነት ነው። ከፍ ያለ አካል፣ ባሌስትራ የተሸከመው ጀርባና በጎን በኩል ሰው የሚቀመጥበት ወንበር ጭቃ ላይ ጥቅም ቢኖራቸውም፣ አስፋልት ላይ በፍጥነት ሲነዳ መኪናውን ለመገልበጥ፣ ተሳፋሪውንም ለጉዳት ያጋልጣሉ። ለመስክ የተሠራ መኪና ከባሕር ዳር ጎንደር በአስፋልት ፍጥነት ሲነዳ ለተሠራለት ሥራ አልዋለም ማለት ነው።

ሦስተኛው ብዙ የማይነገርለት ነው። ጠንካራ መኪና መንገድን ያዘገያል። ኃላፊው ጭቃውን በላንድክሩዘር እስከተሻገረ ድረስ ድልድይና የውሃ መውረጃ ቱቦ ያልተሠራበት ቦታ አጀንዳ ሆኖ አይመጣም። ገበሬው ግን ሩዙን በአህያ፣ በጋሪ ወይም በአይሱዙ ነው የሚያወጣው፤ ለእርሱ ያ ጭቃ የተዘጋ በር ነው። በዚህ ላይ ቪ8 የተባለው ውድ ላንድክሩዘር የሹመት ምልክት ሆኖ መቆየቱ ሲጨመር፣ የመስክ መኪናው ማን ሥራ እንደሚሠራበትና ማን ለክብር እንደሚይዘው ግራ የሚያጋባበት ጊዜ አለ።

አራተኛው የባለቤትነት ጉዳይ ነው። በወረዳ ደረጃ ያሉ ብዙ የመስክ መኪኖች የሚገኙት በፕሮጀክት ነው። ፕሮጀክቱ ሲያልቅ መኪናው ለመሥሪያ ቤቱ ይተላለፋል፤ የጥገና በጀቱ ግን አብሮ አይተላለፍም። በ2004 ዓ.ም. ገደማ የጤና ጥበቃ ሚኒስቴር ለየወረዳው አምቡላንስ ለማዳረስ ያደረገው ጥረት ለእናቶች ጤና ትልቅ እርምጃ ነበር። የነዳጁና የጎማው ወጪ ግን በወረዳው ትከሻ ላይ ወደቀ። የተገዛው መኪና እንጂ አገልግሎቱ አልነበረም።

ፖሊሲው የመጣው በደረጃ ነው

እገዳው ከሰማይ ዱብ ያለ አይደለም። በ2012 ዓ.ም. የወጣው የኤክሳይስ ታክስ አዋጅ ቁጥር 1186 ከ1,800 ሲሲ በላይ በሆነ አዲስ አውቶሞቢል ላይ 100 በመቶ ታክስ ጣለ፤ ያገለገሉትን ደግሞ ከዚያ በላይ አከበደባቸው። በ2014 ዓ.ም. የኤሌክትሪክ መኪኖች ከተጨማሪ እሴት፣ ከኤክሳይስና ከሱር ታክስ ነፃ ተደረጉ። ተገጣጥሞ ያለቀው 15 በመቶ፣ በከፊል የተገጣጠመው 5 በመቶ የጉምሩክ ቀረጥ እንዲከፍል፣ ሙሉ በሙሉ ተበትኖ የሚመጣው ደግሞ ከቀረጥ ነፃ እንዲሆን ተወሰነ። የጥር 2016ቱ እገዳ በዚህ መሰላል ላይ ቀጣዩ እርከን ነው።

የመንግሥት ሥሌት ግልጽ ነው። አገሪቱ ለነዳጅ በዓመት በቢሊዮን የሚቆጠር ዶላር ታወጣለች፤ ኤሌክትሪክ ግን በብር ይመረታል። በጳጉሜን 2017 የተመረቀው የህዳሴ ግድብ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም አለው። በ2002 ዓ.ም. የተመረቀው 460 ሜጋዋቱ ጣና በለስ ደግሞ የሚሠራው ፎገራ ዳር ካለው ከዚሁ ሐይቅ በሚቀዳ ውሃ ነው። ከዚህ አንጻር ክርክሩ የውጭ ምንዛሪ ክርክር ነው፤ ትክክለኛነቱም አይካድም።

ችግሩ የፖሊሲው መለኪያ ከተማ መሆኑ ነው። የአዲስ አበባ ተጠቃሚ ከሚገዛው መኪና የሚጠብቀው ቁጠባ ነው። የፎገራ ወረዳ ጤና ጽሕፈት ቤት ከመኪናው የሚጠብቀው በሌሊት፣ በዝናብ፣ ስልክ በማይሠራበት ቦታ መድረስ ነው። በ1997 ዓ.ም. ሊቦ ከምከም ውስጥ ካላአዛር የተባለው በሽታ ተቀስቅሶ ነበር። እንዲህ ባለ ጊዜ ዘግይቶ መድረስ በሰው ሕይወት ይከፈላል። ሁለቱ ፍላጎቶች በአንድ መመሪያ ሲዳኙ አንዱ ይጎዳል።

ኤሌክትሪኩ ለፎገራ ምን ያቀርባል?

ኤሌክትሪክ መኪናን ገና ከመጀመሪያው «ለጭቃ አይሆንም» ብሎ መጣል ስህተት ነው። የኤሌክትሪክ ሞተር ሙሉ ጉልበቱን ከዜሮ ፍጥነት ጀምሮ ይሰጣል፤ ጭቃ ላይ የሚፈለገው ይኸው ነው። ካምቢዮ፣ ፍሪሲዮን፣ ፖምፓና ማርሚታ የሉትም፤ ስለዚህ የሚበላሸው ዕቃ ይቀንሳል። ከወረታ ባሕር ዳር ደርሶ መልስ 120 ኪሎ ሜትር ገደማ ነው፤ የዛሬ ባትሪ በቀላሉ ይሸፍነዋል። በዓለም በር አድርጎ ወደ ደብረ ታቦር የሚያወጣው ዳገት ብዙ ኃይል ቢበላም፣ ሲመለሱ ቁልቁለቱ ከተበላው ኃይል የተወሰነውን ለባትሪው ይመልሳል። ናፍጣው በዚያው ቁልቁለት ላይ ፍሬን ነው የሚያቃጥለው።

ድክመቱ ያለው በአሁኑ ገበያ ላይ ነው። ወደ አገር ውስጥ የገቡት፣ ለምሳሌ የቢዋይዲና የቮልስዋገን ሞዴሎች፣ በአብዛኛው ለከተማ የተሠሩ ናቸው። ባትሪያቸው ከወለሉ ሥር ተዘርግቷል፤ ከመሬት ያላቸው ከፍታ አነስተኛ ነው፣ ክብደታቸው ግን ከባድ ነው። ከጠጠር መንገድ ላይ አንድ ድንጋይ የባትሪውን ሳጥን ቢመታው ጉዳቱ ከመኪናው ዋጋ የማይተናነስ ሊሆን ይችላል። እውነተኛ የመስክ ኤሌክትሪክ መኪና በዓለምም ገና ጀማሪ ነው። ቶዮታ ራሱ የኤሌክትሪክ ላንድክሩዘር 70ን በአውስትራሊያ ማዕድን ማውጫ ውስጥ ሲሞክር ቆይቷል፤ ለወረዳ ገዢ የሚሆን ምርት አድርጎ ግን በሰፊው አላቀረበውም።

ከመኪናው ይልቅ የሚያሳስበው ሰንሰለቱ ነው። ከፍተኛ ቮልቴጅ ያለው ባትሪ የሚፈታው መካኒክ ሥልጠና፣ መከላከያ ጓንትና ኮምፒውተር ያስፈልገዋል። ሶፍትዌሩ በአምራቹ የተቆለፈ ከሆነ አንድ ሴንሰር መኪናውን ወደ አዲስ አበባ በጭነት ሊያስልከው ይችላል። መብራት በሚጠፋበት ሳምንትም የአምቡላንስ ባትሪ ባዶ ሊሆን ይችላል። የናፍጣው መኪና ችግር ነዳጅ ማጣት ነው፤ ጀሪካን ናፍጣ ከሌላ ከተማ ማምጣት ይቻላል፣ ጀሪካን መብራት ግን የለም። ይህ ሁሉ በጊዜ ሊፈታ የሚችል ነው። የሚፈታው ግን መካኒክ ሲሠለጥን፣ መለዋወጫ ሲከማችና መስመሩ ሲጠናከር ነው። መኪናውን ቀድሞ አምጥቶ ይህን ኋላ መፈለግ ሳይቸግር ጤፍ ብድር ነው።

ሦስት ሊሆኑ የሚችሉ መንገዶች

የመጀመሪያው፣ አሁን ባለው ሁኔታ ሊሆን የሚችለው፣ ያለውን ማራዘም ነው። አዲስ ላንድክሩዘር እየቀነሰ ሲመጣ የነበረው ይጠገናል፣ ሞተሩ ይታደሳል፣ ከተገለበጠው ዕቃ እየተፈታ ይሰካል። ይህ ለመካኒኩ ሥራ ነው፤ ለአምስትና ለአሥር ዓመት ያስኬዳል። ውጤቱ ግን ቀስ ብሎ የሚመጣ እርጅና ነው። ያረጀ አምቡላንስ የሚቆመው በጣም በሚፈለግበት ሌሊት ነው።

ሁለተኛው፣ ለአገልግሎት መኪኖች በር መክፈት ነው። አምቡላንስ፣ የአደጋ ጊዜና የመስክ ሥራ መኪኖች በልዩ ፈቃድ እንዲገቡ ማድረግ ይቻላል። ጥቅሙ ግልጽ ነው። ጉዳቱም አለ፤ ለሥራ የተፈቀደው ለሹመት ሊውል ይችላል። በሩ ከተከፈተ የፈቃዱ መሥፈርት የባለሥልጣኑ ደረጃ ሳይሆን መኪናው የሚሄድበት መንገድ መሆን አለበት።

ሦስተኛው ሥራውን መክፈል ነው። የወረዳ ላንድክሩዘር የሚነዳው ሁሉ በጭቃ አይደለም፤ ወደ ደብረ ታቦርና ወደ ባሕር ዳር ለስብሰባ፣ ለሪፖርትና ለዕቃ ግዢ በአስፋልት የሚሄደው ኪሎ ሜትር ቀላል አይደለም። ይህን ጉዞ ለኤሌክትሪክ መኪና መስጠት ነዳጅ ይቆጥባል፣ ሃርድቶፑንም ለጭቃው ያስቀራል። በቀበሌ ደረጃ ደግሞ ለልማት ሠራተኛውና ለጤና ኤክስቴንሽን ባለሙያዋ የሚስማማው ሞተር ሳይክል እንጂ ላንድክሩዘር አይደለም። ወረታ ያለው ብሔራዊ የሩዝ ምርምርና ሥልጠና ማዕከልን የመሰለ ተቋም፣ ከአስፋልቱ ዳር ሆኖ ማሳው ግን ጭቃ ውስጥ ስለሆነ፣ እንዲህ ያለውን ክፍፍል ለመፈተሽ ምቹ ቦታ ነው።

ግምገማ

ከሦስቱ ሦስተኛው ተመራጭ ነው፤ የሚሠራው ግን ሁለተኛው በጠባቡ ሲታከልበት ነው። አንደኛውን ሳይወሰንበት እንዲቀጥል መተው ግን ምርጫ መስሎ የማይታይ መጥፎ ምርጫ ነው። የነዳጅ መኪናን የመቀነስ ዓላማ ለአገር ይጠቅማል፤ የፎገራ ገበሬም ከዶላር እጥረት ውጪ አይደለም፣ ማዳበሪያውም የሚገዛው በዚያው ምንዛሪ ነው። ሆኖም የአገሪቱን የመስክ መኪኖች በሙሉ በአንድ ጊዜ ማሳረፍ የሚያስገኘው የነዳጅ ቁጠባ አነስተኛ ነው። የነዳጁን ብዛት የሚበሉት የጭነት መኪኖችና የከተማ መኪኖች ናቸው። አምቡላንስ የሚያወጣው ነዳጅ በአገር ደረጃ ጠብታ ነው፤ ቢቆም የሚያስከትለው ጉዳት ግን ጠብታ አይደለም።

ለወረዳና ለዞን ውሳኔ ሰጪዎች የሚቀርበው ሥራ ከፖሊሲው በፊትም የነበረ ነው። መኪና ሲገዛ የአምስት ዓመት የጥገና በጀቱ አብሮ ይያዝ። ከክረምት በፊትና በኋላ የዲፈረንሻልና የጎማ እጅ ዘይት ምርመራ ግዴታ ይሁን። ሾፌሩ ጭቃ ላይ እንዴት እንደሚነዳ ይሠልጥን። በየዓመቱ መኪናው የተቀረቀረባቸው ቦታዎች ተመዝግበው የመንገድ በጀት ሲያዝ ይቅረቡ፤ ላንድክሩዘሩ የሚያልፈው ጭቃ ሩዝ የጫነውን አይሱዙ የሚያቆም መሆኑ ያኔ በወረቀት ላይ ይታያል። ኤሌክትሪኩ ሲመጣም ጥያቄው የትኛው ብራንድ ነው የሚል አይሁን። መለዋወጫው ባሕር ዳር ይገኛል ወይ፣ ሶፍትዌሩን የአገር ውስጥ ጋራዥ መክፈት ይችላል ወይ፣ ባትሪው ከጠጠር የሚጠበቅበት መከላከያ አለው ወይ ተብሎ ይጠየቅ። ላንድክሩዘር ሰባ ዓመት የፈጀበትን መተማመን ሌላ መኪና በአምስት ዓመት ሊያገኘው የሚችለው እነዚህ ጥያቄዎች መልስ ካገኙ ብቻ ነው።